የእማዬ ድምፅ ከሰርቨሩ ጠፋ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የለም። ሦስት ጊዜ ፈለግሁ፣ የለም። ሰርቨሩ ላይ ሁለት ሺህ ከምናምን ድምፅ ተደርድሯል፤ የጎረቤት ሠርግ ሳይቀር አለ። የእማዬ መንዙማ ብቻ የለም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ስጽፈው ይገለጥልኝ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት አባዬን ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድኋቸው። ቀኙ መስማት ካቆመ ቆይቷል። በግራው ውስጥ ያለው ቁስል ወደ አጥንቱ እየገባ ስለሆነ የሚመጣው ሰኞ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ተባለ። ሐኪሙ እየጮኸ፣ «አባት፣ ቁስሉን አወጣዋለሁ፤ መስማትዎ ይተርፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም» አላቸው። አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጣና ዳር፣ መጀመሪያ የደንገል ታንኳ፣ በኋላ የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገር አያበዙም። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው፣ «እንግዲያውስ ከሰኞ በፊት የሀዋን አንድ ጊዜ አሰሚኝ» ያሉኝ።

ሀዋ እናቴ ናት። ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። በእህቴ በረሕማ ሠርግ ሰሞን ድቤ እየመታች ያዜመችው መንዙማ ከድምጿ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

«ምን ችግር አለ፣ ቤት አለልዎት» አልሁ። ምን አስቸኮለኝ!

ካሴቱማ የለም። አምና የቤታችንን ካሴቶች በሙሉ ጥራት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ የእማዬ ተቀድቶ እንዳለቀ ማጫወቻው ክሩን በላው። «ተቀድቷል አይደል» ብዬ የተተበተበውን ክር ቆሻሻ ውስጥ የጣልሁት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሰርቨር የምለው ሳሎን ጥግ ያለ ኮምፒውተር ነው። ድምፁን ሁሉ ይዞ በዋይፋይ ለስልኮቻችን ያካፍላል። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ አሮጌው ተቃጠለ። ሃርድ ዲስኩ ተረፈ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገጥሜ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫንሁት። በአሮጌው ላይ ረሕማ ያዘጋጀችው የተወዳጆች ዝርዝር ነበር፤ እሱን ነክቼ ነበር እማዬን የማዳምጣት። አዲሱ ያንን ዝርዝር አያውቀውም።

ከሥራ በጊዜ ወጣሁ (የኮሌጅ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ ኮምፒውተር የተማርሁት በመነካካት ነው)። የሞከርሁት፦

ፎልደሩን እንደገና አስቃኘሁ። የለም።

«ሀዋ» ብዬ ፈለግሁ። ምንም አልተገኘም ይላል።

«እማዬ»። «የረሕማ ሠርግ»። በእንግሊዝኛ ፊደልም ጻፍሁት። ምንም።

በፊደል ተራ አስደርድሬ ሀ ላይ ሄድሁ። ሀሩን አለ፣ ሀጅራ አለች። ሀዋ የለችም።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ያው ነው።

ሐሙሲት ከተማ ሻይ ቤት ላላት ለረሕማ ደወልሁ። አምና ለአረፋ መጥታ ሳለ ለድምፆቹ ሁሉ ስም የጻፈችላቸው እሷ ናት። «የእማዬን ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አልኋት። ከኋላዋ የአውቶቡስ ጥሩንባ ይጮኻል። «ስሟን ነዋ! ሌላ ምን ብዬ ልጻፍ? ደህና አድርገሽ ፈልጊ» አለችኝ። ተናድጄ ዘጋሁባት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አባዬን ላባብል ብዬ የአጎቴን የጀማልን መንዙማ ከስልኬ ከፈትሁላቸው። ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅሁላቸው። ወዲያው አወለቁት። «ይኼ ሰው ነው ወይስ ቆርቆሮ?» አሉ።

ደሜ ፈላ። ሙሉ ጥራት ብዬ ስንት ወር የለፋሁበት! ለካ ፋይሉ ሙሉ ነው፤ ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ነው ኢንተርኔት ልቆጥብልሽ ብሎ በራሱ ሥልጣን ድምፁን ጨምቆ የሚያመጣው። በገዛ ቤቴ ዋይፋይ! ማን ቆጥብልኝ አለው? ደግሞ የሚስተካከለው ስልኩም ላይ ሰርቨሩም ላይ ነው። አንዱን አስተካክዬ ሌላውን ረስቼ ስንት ሰዓት ከራሴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። በመጨረሻ በሁለቱም ላይ «ድምፁ እንዳለ ይምጣ» የሚለውን መረጥሁ። ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ እኩል የሚያደርገውንም አጠፋሁ።

አባዬ እንደገና አዳመጡ። ቆይተው ሣቁ። «ጀማል ያኔም ያስለው ኖሯል?» አሉ። ሳሉን ሰሙት! በዚህ ሳምንት የቀናኝ ይህ ብቻ ነው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። «የሀዋስ?» አሉኝ።

«እየተስተካከለ ነው።» ሦስተኛ ውሸቴ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዲስኩን ነቅዬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድሁት። ከምሳ በፊት ጀምሮ መረመረው። «እትዬ፣ ከዚህ ላይ የተሰረዘ ምንም ነገር የለም» አለኝ።

«ታዲያ የት ሄደ?»

«አልተሰረዘም ካልሁዎት አለ ማለት ነዋ።»

ልደበድበው ምንም አልቀረኝ። ዲስኩን በነጠላዬ ጠቅልዬ በሐይቁ ዳር በእግሬ ተመለስሁ። እያለቀስሁ ነው የሄድሁት፤ ሰው አየኝ አላየኝ ግድም አልሰጠኝ። ቤት ደርሼ ዲስኩን መልሼ ስገጥመው እናቴን በገዛ እጄ ሁለተኛ የቀበርኋት መሰለኝ። አባዬ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ያ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ተነሣሁ። ግን እንዴት? እንዲሰሙኝ መጮህ አለብኝ፤ ይህን ጮኼ መናገር አልችልም፣ ግቢው ሙሉ ተከራይ ነው። ወረቀት ላይ ጻፍሁት፦ «አባዬ ይቅር ይበሉኝ። የእማዬ የሀዋ መንዙማ ጠፍቶብኛል። ካሴቱንም የጣልሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ እንጨት ላይ ምልክት የሚያደርጉባትን እርሳስ ከኪሳቸው አወጡ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሰርዘው፣ አንድ ነገር ጽፈው መለሱልኝ።

ሀዋ ላይ ያለችውን ሀ ሰርዘው ሐ አድርገዋታል።

«የናትሽ ስም በሐመሩ ሐ ነው» አሉ። «ሐመር ጀልባ ማለት ነው። የጀልባ ሠሪ ሚስት በሌላ ሀ ትጻፋለች?»

በንዴት ልፈነዳ ደረስሁ። እኔ ጠፋችብኝ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ፊደል ያርማሉ! በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ያስቆጠሯቸው መምህር የነገሯቸው ነው፤ ልጆች ሳለን በዚህ ሲያሰለቹን ነው ያደግነው። ረሕማ ትሰማቸው ነበር። እኔ ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው ባይ ነበርሁ። ስልኬ ላይም ቀድማ የመጣችልኝን ፊደል ነው የምነካው።

ዕቃ እያጠብሁ ሳለ እጄ ቀጥ አለ።

እርጥብ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ስልኩን አነሣሁ። ሐዋ ብዬ ጻፍሁ። አንድ ተገኘ።

ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ እና ሐ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደሎች ናቸው። እናቴ ከነሉባባ ቀጥላ፣ ከነመሐመድ በፊት፣ በተራዋ ተቀምጣለች። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነበረች። ጠጋኙም እውነቱን ነበር።

ጮህሁ። አባዬ እንኳ ሰሙኝ።

ማዳመጫውን ላመጣ ስሮጥ መብራት ሄደ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

መብራቱ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። ስንት ጊዜ ማብሪያውን እንደነካሁ አላውቅም። ሲመጣ ደግሞ ሰርቨሩ እስኪነሣ ነፍሴ አለቀች።

አባዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ማዳመጫውን አደረግሁላቸው፤ እንዳለ የሚመጣ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ፤ ከፈትሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ምንም አልሰማም፤ ፊታቸውን ብቻ ነው የማየው። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ባይሰሙትስ? መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው ብሎ ነበር ሐኪሙ፤ የእማዬ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። በሳምንት ውስጥ ብሶባቸው ቢሆንስ? እኔ ዘግይቼ ያገኘሁት ቢሆንስ? ላቋርጣቸው ፈራሁ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድንገት ጆሮ ያነሰው ሰው እንደሚጮኸው ጮክ ብለው፣ «ቆዪ እንጂ፣ ካሴቱ ገና አላለቀም!» አሉ።

ደነገጥሁ። ለእኔ መስሎኝ፣ «ምን አሉኝ?» ብዬ ጮህሁ። ዓይናቸውን አልገለጡም።

ኋላ ማዳመጫውን ተቀብዬ መጨረሻውን ሰማሁት። ድቤው ይቆማል። እማዬ ትተነፍሳለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መቅጃውን ለያዙት ለአባዬ፣ «በቃኝ ኢብሬ፣ ዝጋው» ትላለች። ኢብሬ የምትላቸው እሷ ብቻ ነበረች፤ «ቆዪ» ያሉትም እሷን ኖሯል።

ማዳመጫውን መለስሁላቸው። ነገ በሁለት ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለብን፤ ልብሳቸውን እንኳ አላዘጋጀሁም። እሳቸው እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምረውኛል።