ከመጋቢት ሃያ አንድ ወዲህ ያሉት የእናትሽ አይደሉም

የካ አባዶ
ረቡዕ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገነት ሣህሌ
ሴጌድ፣ ሃንጋሪ

ሰጊዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ወግ ጠፍቶት አይደለም የዘለለው። «እኛ» ለማለት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ።

ይህን ስታነቢ ሰምተሻል። ጓደኛሽ በርናባስ ከተማሽ ውስጥ ያሉትን ሐበሾች ሰብስቦ ቅዳሜ ንጋት ላይ በርሽን እንዲያንኳኳ ከሽማግሌያችን ከጋሽ ከበበ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ሲግናል ሰፈር ስንኖር የጎረቤታችን ልጅ የነበረችው ትሕትና ናት፤ ነገ ትሳፈራለች፣ ለበርናባስ ታስረክባለች። «አልቅሳ ሲወጣላት ስጣት» አልኩት በስልክ። «መቼ ነው የሚወጣላት፣ ጋሼ?» አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ይጠይቃል።

እናትሽ የማርያምወርቅ ያረፈችው መጋቢት 21 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ እንጦጦ ማርያም፣ እናትና አባቷ አጠገብ ቀበርናት። ይህንን በርናባስ ነግሮሻል። እኔ የምጽፍልሽ በርናባስ የማያውቀውን፣ ጋሽ ከበበ የማያውቀውን፣ ከእኔና ከአንድ ስልክ በቀር ማንም የማያውቀውን ነው።

ጉዳዩ፦ በየማታው ስለሚላኩት ሦስት ነገሮች።

ያን የመጀመሪያውን የሃንጋሪ ክረምት አንቺም አትረሺውም። ምግብ ትተሽ፣ ክፍል ትተሽ፣ መጋረጃ ዘግተሽ ስትተኚ የዩኒቨርሲቲው አማካሪ «በቀን ውስጥ ደስ ያሉሽን ሦስት ትንንሽ ነገሮች ጻፊ» አለችሽ። ብቻሽን መጻፍ አቃተሽና እናትሽን ባልደረባ አደረግሻት። ጆሮዋ ከደከመ በኋላ ከእሷ ጋር ስልክ ማውራት ለብሎኩ ሁሉ ማወጅ ስለነበር በቴሌግራም ሆነ። ማታ ማታ አንቺ ሦስት፣ እሷ ሦስት።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ «ነጮቹ ትልልቁን ደስታ ለራሳቸው አስቀምጠው ትንንሹን ለስኮላርሺፕ ተማሪ ያድላሉ» አልኩ።

«አንተ ዝም በል» አለች። «ልጄ መብላት ጀምራለች።»

አንቺ «የትራሙ ሹፌር ስሮጥ አይቶ ቆመልኝ» ትያለሽ። «ካልሲዬን ማሞቂያው ላይ ሰቅዬ ሳጠልቀው ሞቀኝ።» «ከታች ያሉት አሮጊት ዛሬ በስሜ ጠሩኝ፤ ሴጋኔት አሉኝ።» እሷ ደግሞ እንዲህ ትልክልሻለች፦ «ውሃ መጣ።» «ባልዲው ሳይሞላ ሄደ።» «አባትሽ ቤት አልዋለም።» ይኸው የየማርያምወርቅ ደስታ። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኝታ እንኳ «መርፌ የምትወጋኝ ልጅ እጇ ቀላል ነው፤ ምላሷ ግን ከባድ ነው» ብላሻለች። አንቺ ለደም ግፊቷ ጤና ጣቢያ የምትመላለስ መስሎሽ ሳቅሽ።

መጋቢት 21 ወደ ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ኪሴ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ደረጃው ላይ ወጥቼ ከፈትኩት። ሦስቱ ነገሮችሽ ናቸው፤ ከስራቸው «እማዬ፣ ዛሬ ዘገየሽ። ደህና ነሽ?» ይላል። ውስጥ አክስትሽ እየጮኸች ነው። ጣቴ ሄደና «ደህና ነኝ። ውሃ መጣ» ብሎ ጻፈ። የቀሩትን ሁለቱን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እስክንመካከር ላዘግያት ብዬ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ለአንድ ማታ ነበር።

በሣልስቱ ተመካከርን። ጋሽ ከበበ ከእንጦጦ ጋቢውን እንደደረበ ወርዶ ሰበሰበን።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «ልጅቷ ፈተና ላይ ናት። ያን ክረምት ረሳችሁት? ብቻዋን ብትሰማው ማን ይይዛታል?»

«እስከ መቼ ነው?» አልኩ።

«ጽሑፏን እስክታስረክብ።»

«ጋሽ ከበበ፣ በየቀኑ ይጻጻፉ ነበር እኮ።»

«የእናትሽ ስልክ ተበላሽቷል በላት!»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ። የተበላሸው ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ስብሰባው ያበቃው ማንም ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» እንዳይጽፍ ውሳኔ አስተላልፎ ነው። ያንን ሲያስከብር የሰነበተው የብሎካችን ልጅ በዳዳ ነው፤ የአክስትሽ ልጅ አንዱን ፎቶ ለጥፎ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስነስቶታል።

በዚህ ዓይነት ያለ ሹመት ደብዳቤ የደስታ አቅርቦት ኃላፊ ሆንኩ። «ፊትሽን አሳዪኝ» ስትይ የካሜራውን መስታወት በሚስማር ፋቅሁትና «ተሰነጠቀ» አልኩሽ። ጠዋት ጠዋት ለማታ የሚሆን ሦስት ነገር ፍለጋ እወጣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ወርቅአየሁ ያዙኝ።

«አቶ ሣህሌ፣ ሐዘንተኛ አይደሉም እንዴ? በማለዳ ወዴት ነው?»

«ሥራ ይዣለሁ።»

«በጡረታ? የምን ሥራ?»

«ደስ የሚል ነገር ፍለጋ።»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ማምሻውን ሣህሌ ነካ እንዳደረገው ብሎኩ በሙሉ አወቀ።

የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አያለሁ። አንዱ ተራውን ለነፍሰ ጡር ሲለቅ፣ ቶሎ እጽፋለሁ። መገናኛ ላይ ረዳቱ የአንዲት ባልቴት ጆንያ ሲያወርድ፣ እጽፋለሁ። «እንጦጦ ወጥቼ ከዝናቡ በኋላ ባሕር ዛፉ ሸተተኝ» ያልኩሽ ዕለት መቃብሯ ላይ አፈሩን ጎርፍ ወስዶት እንደሆን ለማየት ሄጄ ነበር። ሽታው እውነት ነው። ደስ ማለቱ ግን ውሸት ነው። ሰጊዬ፣ ከነዚያ ሁሉ አንዱም ደስ አላለኝም። አይቼ፣ ጽፌ፣ ልኬ ስጨርስ ለእኔ የሚተርፍ አልነበረም። አንቺ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ፤ መድኃኒቱን የሚያመላልስ ሰው ግን አይድንበትም።

የአርባዋ ዕለት ምንም ነገር መፈለግ አላስፈለገኝም። «ቤታችን በሰው ተሞላ። ሁሉም በልቶ መርቆ ሄደ። ዛሬ እኔ ምንም ሥራ አልሠራሁም» አልኩሽ። «የምን ድግስ ነው እማዬ?» አልሽ። «የማኅበር» አልኩሽ። ከጻፍኩት ሁሉ ለእውነት በጣም የቀረበው ይህ ነው።

ከዚያ በሳምንቱ እንዲህ ጻፍሽ፦ «እማዬ፣ ሰሞኑን እንዴት ደስተኛ ሆነሻል! ድሮ ታማርሪ ነበር እኮ። ሁሉንም አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

ይህን ደብዳቤ የወለደው ያ ግድግዳ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሰማንያ ቀን፣ በቀን ሦስት፣ የእናትሽ የመጨረሻ ቃል ሆኖ ዕድሜ ልክሽን ይከተልሽ ነበር። ይህን ከእጅሽ መንጠቅ ጭካኔ ነው፤ ብተወው ደግሞ ለሌላ ሴት ታለቅሻለሽ። እናትሽ ያማረራትን ሁሉ ስሙን እየጠራች ነበር የምትኖረው፤ ውሃውን፣ ሊፍት የሌለውን አምስተኛ ፎቅ፣ እኔን። እኔ ደግሞ ላሳምርልሽ ብዬ ምሬቷን አውጥቼ ጣልኩት። የእሷ የሆነው እሱ ነበር። ስለዚህ እስከ መጋቢት ሃያ ያሉትን ግድግዳው ላይ ተዪያቸው። ከሃያ አንድ ወዲህ ያሉትን አውርጂ። የእኔ ናቸው።

«ለአባዬ እንዳትነግሪው» ብለሽ የጻፍሻቸውም አሉ። ስለዚያ ልጅ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ስላለቀስሽው፣ ስትደውዪለት አባዬ ቀልዶ ቀልዶ ስልኩን ለመዝጋት ስለመቸኮሉ። አልነገርኩትም።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን እንዲህ አልሽ፦ «እማዬ፣ ዛሬ ሦስት ነገር አጣሁ። አንድም የለኝም። ልምጣ? ለሁለት ሳምንት ብቻ።» ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አትምጪ። ጨርሺና ነይ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ በስሜ ብልሽ ትከራከሪኝ ነበር፤ አውቅሻለሁ። «እሺ እማዬ፣ አንቺ ካልሽ» አልሽ።

እናትሽ ይህን አትልም። እንደማትል የማውቀው በግምት አይደለም። ሆስፒታል በገባች በስድስተኛው ቀን እጄን ይዛ «ሣህሌ፣ ልጄን ጥራልኝ» ብላኛለች። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ «ፈተና ላይ ናት! ስትጨርስ ትመጣለች!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ሰማ።

«ምን አልክ?» አለች።

ደገምኩላት።

«አልሰማሁህም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰምታኛለች። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ መስማቷንና አለመስማቷን አላጣውም። ያኔ ጋሽ ከበበ አልነበረም፣ ምክክር አልነበረም፣ ወግና ልማድ የሚባል አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ። ብደውልልሽ በሁለተኛው ቀን ትደርሺ ነበር፤ በነፍስ ታገኚያት ነበር። ትድናለች ብዬ ነው፣ ያ ክረምት ይመለስብሻል ብዬ ነው፣ ብዬ ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ የኖርኩበት ሙያ ነው። ግን ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ። አንዴ እሷ ጠየቀችኝ፣ አንዴ አንቺ። ሁለቴም አይሆንም አልኩ፤ ሁለተኛውን በእሷ ስም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ይኸው፦ «እማዬ፣ ትናንት የመመረቂያ ጽሑፌን መከላከያ፣ ዲፌንሱን፣ አለፍኩ አላልኩሽም? አሁን ለምስራቹ የምገዛልሽ ጫማ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ሶሉ ለስላሳ ነው፣ ለእንጦጦ ዳገት ይሆንሻል። ቁጥርሽ 38 ነው 39? ቶሎ በይ፣ ሻጯ እያየችኝ ነው።»

ጫማዎቿን ለአርባዋ ለነዳያን ሰጥተናቸዋል። አልጋ ስር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ አንድም የለም። ቁጥሯንም ጨርሶ አላውቀውም። ወርጄ የወይዘሮ ወርቅአየሁን በር አንኳኳሁ።

«የየማርያምወርቅ የጫማ ቁጥር ስንት ነበር?»

ነካ አድርጎታል ያሉት ሴትዮ አልሳቁብኝም። «ሠላሳ ስምንት ናት» አሉ። «ግራው ስለሚያጠብቃት ግን ሠላሳ ዘጠኝ ነው የምትገዛው።» ከዚያ «ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሳልመልስላቸው በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«39። ደረሰኙን አትጣዪ» ብዬ ላክሁልሽ።

«እማዬ ደግሞ! የምን ደረሰኝ ነው፣ ደስ ይበልሽ እንጂ!» አልሽ።

እናትሽ በዕድሜዋ ደረሰኝ ጠይቃ አታውቅም። እስከ ቅዳሜ ገና ሦስት ማታ እናትሽ መሆን አለብኝ። የዛሬውን ስጽፍልሽ አንዱ ጫማው ይሆናል፤ በጣም ደስ እንዳለኝ እነግርሻለሁ። እንዳታምኚኝ።

ምርቃቱ የእሷ ሥራ ነበር፤ እኔ አልችልበትም። እግዚአብሔር ቅዳሜ የሚይዙሽን እጆች ያበርታቸው። የምትበይው ይውረድልሽ። ለእኔ መመለስ ግዴታ የለብሽም፤ መሳደብ ከፈለግሽ ግን በራሴ ስልክ ላይ ስደቢኝ፣ የእሷን ስልክ ቅዳሜ አጠፋዋለሁ። ስትመጪ ወደ እኔ መምጣት ካልፈለግሽ በቀጥታ ወደ እሷ ውጪ፤ ጋሽ ከበበ መቃብሩን ያሳይሻል።

አባትሽ
ሣህሌ