ጠዋት ተፈትና ከሰዓት የወደቀች ልጅ ጉዳይ

ለተከበሩ የፈተናዎች ጽሕፈት ቤት የውጤት ማመጣጠኛ ክፍል ኃላፊ
ከወንበርዎ ሳይነሡ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እመኛለሁ፤ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎ የማያስቸግር፣ የደም ግፊትዎም ያለ ማንም ቀመር በራሱ ጊዜ ልክ የሚገባ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔን በተመለከተ ደህና ነኝ ለማለት ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ክፍልዎ የእኔን ደህንነት ከሌሎች አባቶች ደህንነት ጋር አመጣጥኖ እስኪያሳውቀኝ ድረስ አፌን ሞልቼ መናገሩ ድፍረት መስሎ ታየኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሁለት ወንበርና አንድ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ፀጉር ቤት አለኝ። የዘንድሮውን የነርስነት ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የወሰደች ልጅም አለችኝ። ልጅቷ ያወቀችውን ነገር አፏ ውስጥ ማሳደር ስለማትችል ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ይላታል። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ነርስ ከመሆን ሌላ ያለመችው ነገር የለም፤ ምላጬ ስቶ የቧጨረውን የደንበኛ አገጭ ሁሉ በጥጥ ይዛ እያባበለች የምታክመው እሷ ናት። ይህን ፈተና አንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወስድ ተፈቅዷል። ማለፊያው ስልሳ አምስት ነው። ልጄ ሰባ አንድ አመጣች፤ እርስዎ ስልሳ ሦስት አደረጉት። አቤቱታዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ምስጋና ስለሆነ ዘና ብለው ያንብቡት።

አንደኛ፤ ስለ ሳይንሱ አመሰግናለሁ። ተፈታኙ ብዙ፣ አዳራሹ አንድ በመሆኑ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት እንዲፈተን መደረጉን፣ ጥያቄ እንዳይሾልክም ለየፈረቃው የተለያየ ወረቀት መዘጋጀቱን አውቅ ነበር። ሁለት ወረቀት ደግሞ መቼም እኩል አይከብድም፤ በአንዱ የተገኘ ሰባ በሌላው ከተገኘ ሰባ ጋር ወንድም ላይሆን ይችላል። እስከዚህ ድረስ እኔም አብሬዎት ነኝ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ያስረዳኝ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ የሂሳብ መምህር ደንበኛዬ ነው። «ስማኝ ወዳጄ» አለኝ፣ «በሁለቱም ወረቀት ውስጥ ጥቂት አንድ ዓይነት ጥያቄዎች ይሸጎጣሉ። የትኛው ቡድን ጎበዝ እንደሆነ የሚታወቀው በእነሱ ነው። በእነዚያ ጥያቄዎች ብልጫ ያሳየው ቡድን በጠቅላላው ውጤት ከሌላው እኩል ሆኖ ከተገኘ፣ ወረቀቱ ከብዶት ነው ይባላል። የዚያኛው ቡድን ወረቀት ደግሞ ቀሎለት ነው ይባልና ውጤቱ ወደ ታች ይመጣል።» እኔም ምላጩን አየር ላይ አቁሜ «ታዲያ የእኛዋ?» አልኩት። «ቀሎላት ነዋ!» አለኝ። ምላጭ የያዘ አባት ፊት ይህን መናገሩ ለሳይንስ ያለው ፍቅር እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ያሳያል።

ሁለተኛ፤ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ክፍልዎ ከሰው ሁሉ ደብቆ የሸጎጣቸውን የጋራ ጥያቄዎች በአንድ ቀን፣ በጠዋቱም በከሰዓቱም ወረቀት ውስጥ አስገብቶ ሲያበቃ፣ የጠዋቶቹ የሚወጡበትን በርና የከሰዓቶቹ የሚሰለፉበትን በር አንድ ማድረጉ ድንቅ የቁጠባ ሥራ ነው። በግንቡና በብረት አጥሩ መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ያውቋታል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያልፍባት የግድ ይተዋወቃል። እኔ ውኃ ይዤ ልጄን እየጠበቅሁ ነበር። ዘበኛው የድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ «የከሰዓቶች! የእናንተ ወረቀት ሌላ ነው! የጠዋቶቹን ብትጠይቁ ትርፉ ድካም ነው!» እያለ ሲያውጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትእዛዙ ከእርስዎ ክፍል የመጣ እንደነበር ዘበኛው በኩራት ነግሮኛል። ልጄም እንደ ታዛዥ ዜጋ አመነች። ወረቀቱ ሌላ ከሆነ፣ ስለ ጠዋቱ ማውራት ስለ አምና ዝናብ እንደ ማውራት ነው።

ሰልፉ ላይ አንዲት ልጅ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ መንቀጥቀጧ ከእርሳሷ ላይ ይታይ ነበር። «እህቴ፣ በናትሽ ምን ምን ወጣ?» አለቻት ከአዳራሹ የወጣችውን ልጄን። ሬዲዮ ተከፈተች። ከጋራዎቹ አንዱ መሆኑን ሳታውቅ፣ መድኃኒት በሕፃን ክብደት ልክ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚጠይቀውን ጥያቄ ግንቡ ላይ በጣቷ እየጻፈች «ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ መጀመሪያ አካፍዪ፣ አትቸኩዪ፣ ቀላል እኮ ነው» እያለች አስረዳቻት። ያስረዳቻት እንድትረጋጋ ብላ ነው። ሌሎቹም አንገታቸውን አሰገጉ። ከጠዋቶቹም እሷ ብቻ አይደለችም የተናገረችው፤ ከፈተና ወጥቶ ያየውን የማይተርክ ልጅ እርስዎ አይተው ካወቁ እባክዎ ያሳዩኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀመሩ ታማኝነት አመሰግናለሁ። ቀመርዎ በሩን አላየም፣ ዘበኛውን አልሰማም፤ ያየው የከሰዓቶቹ የጋራ ጥያቄዎቹን እንደ ውኃ መጠጣታቸውን ብቻ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው እንዲህ ሲሠራ ነው። «እነዚህ ጎበዞች ናቸው» አለ። ጎበዞች ሆነው ሳለ በቀረው ጥያቄ ከጠዋቶቹ እምብዛም ሳይበልጡ ሲቀሩ «ወረቀታቸው ከብዷል፣ የጠዋቱ ቀሏል» አለ። በዚህም ምክንያት ልጄ በግንቡ ላይ ባስጎበዘቻቸው መጠን ራሷ ሰነፈች፤ አጥርታ ባስረዳች ቁጥር ወረቀቷ እየቀለለ፣ ውጤቷ እየወረደ ሄደ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ ነበር አባቶች፤ ጠጠሩን በቀመር የሰጠ ግን ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም። እንዲያውም ደንበኛዬ የሂሳብ መምህሩ ፊቱን ታጥቦ ሲያበቃ ሌላ ነገር አጫወተኝ፦ ልጄ ያን ዕለት እዚያው በር ላይ ቆማ፣ ባልንጀሮቿንም አስከትላ፣ ለሰልፈኛው ሁሉ የተሳሳተ መልስ ብትነዛ ኖሮ ውጤቷ ከሰባ አንድም ሽቅብ ሊወጣ ይችል ነበር። ለትውልዱ ያዘጋጁት የግብረ ገብ ትምህርት ጥልቀት እስካሁን አልታየኝም ነበር፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አራተኛ፤ አራተኛው ምስጋናዬ ከሌሎቹ ጋር ሲመጣጠን ወደ ሁለት ተኩል ስለወረደ ከማለፊያው በታች ሆኖ ቀርቷል።

አምስተኛ፤ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ አልተቀነሰባትም፤ ተመጣጠነች ነው የሚባለው» ብላ በትሕትና አጽናናችኝ። ቀጥሎ እርስዎ ራስዎ ቢሮዎ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ወንበር ሰጥተው አነጋገሩኝ። እውነቱን አልደበቁኝም። የጋራ ጥያቄዎቹ በአንድ ቀን መውጣት እንዳልነበረባቸው፣ የከሰዓቶቹ ጉብዝና ከበሩ የመጣ መሆኑን ክፍልዎ ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት ጭምር እንደጠረጠረ፣ ይሁንና አሁን ቢነካካ ያለፉት ወድቀው፣ የወደቁት አልፈው፣ ወላጅ በወላጅ ላይ ተነሥቶ ቢሮው እንደሚታመስ፣ ስለዚህም እርማቱ ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንደሚሠራበት ነገሩኝ። «ልክ ነዎት፤ ግን ዘግይተዋል» አሉኝ። እኔም ተነሥቼ፣ እጅዎን ጨብጬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው መካከል ስደርስ ነው ምን ስለተሰጠኝ እንዳመሰገንሁ የጠፋኝ። ዘወር ብዬ ልመለስ አሰብኩ፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ባለጉዳይ አባት እያለከለከ ሽቅብ ይወጣ ስለነበር መንገድ ለቀቅኩለት።

ስድስተኛ፤ ስለ እንግዳችን አመሰግናለሁ። ሰልፉ ላይ ስትንቀጠቀጥ የነበረችው ልጅ አልፋለች። እሰይ፤ እሷ ምን አደረገች? ጠየቀች፣ ተነገራት። ከገባች በኋላ ሬዲዮን ፈልጋ ፀጉር ቤቴ ድረስ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «ያንቺ ውለታ በምን ይከፈላል?» አለቻት። ልጄም «ወዲያ! ይልቅ ደብተርሽን አምጪው እስቲ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ በየሳምንቱ መጨረሻ ከነነጭ ጋዋኗ ትመጣለች። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ሳንባና ስለ ደም ሥር፣ ለአንዷ ያልገባትን ትምህርት፣ ትምህርት ቤቱ ያልገባችው ሌላዋ ታስረዳታለች። «እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው» ስትል እሰማታለሁ። ደንበኞቼ መጽሔት የሚያነብቡ መስለው ያዳምጣሉ፤ አንዱማ «ይህቺ ልጅ የምትሠራው የትኛው ሆስፒታል ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። መቀሱ ድምፅ ስላለው ያልሰማሁ መምሰል ችያለሁ።

እንግዳዋ ስትሄድ ልጄ መጥረጊያ ታነሣና ወለሉ ላይ የወደቀውን የሰው ፀጉር ትጠርጋለች። ጥቁሩንም ሽበቱንም አንድ ላይ ትሰበስበዋለች። ሬዲዮው ዝም የሚለው ያኔ ነው። አንድ ቀን «እንግዲህ ልጄ…» ብዬ ስጀምር «አባዬ፣ ወንበሩን ትንሽ አንሣልኝ፣ ሥሩን ልጥረገው» አለችኝ። አነሣሁላት። ያን ያህሉን ማንሣት አያቅተኝም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው ነገር የለም። መቀመጫዎቹ ተይዘዋል፣ ትምህርቱ ተጀምሯል፣ ፈተናውም ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው። የማስተካከል ነገር ከተነሣ ፀጉርዎን ማስተካከል ለእኔ ይተዉልኝ ከማለት በቀር ሌላ ልመና አላቀረብኩም፤ እሱንም ቢሆን ምላጬ ሰሞኑን መሳት ስላበዛ ሌላ ባለሙያ ጋ ቢሄዱ ይሻልዎታል። በመጪው ዓመት እርማቱን ተግባራዊ ሲያደርጉ ጉዳዩን በመጠቆም ለተባበሩት የጠዋት ተፈታኞች አንድ መስመር ቢጽፉላቸው ግን ደስታውን አልችለውም።

በሥራዎ ስፋት እየተደነቅሁ፣ በትዕግሥትዎ እየተጽናናሁ፣ ከማንም ሰው አክብሮት ጋር ሊመጣጠን ከማይችል አክብሮት ጋር፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
የአንዲት ስልሳ ሦስት አባት

ግልባጭ፦
ጠዋት ለተፈተኑ ልጆች ወላጆች በሙሉ
ለበሩ ዘበኛ (ድምፁ ጥሩ ነበር)

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ታናሽ ልጄ በመጪው ዓመት ለዚሁ ፈተና ትቀርባለች። በእርማትዎ ላይ እምነት ባጣም ትምህርትዎን ተቀብያለሁ፤ ከፈተና ስትወጣ ማንም ሰው፣ ቢንቀጠቀጥም ቢያለቅስም፣ «ምን ወጣ?» ቢላት «ረሳሁት» ብላ እንድታልፍ ከአሁኑ ቤት ውስጥ እያለማመድኳት ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይኗ እየራራ አስቸግራን ነበር። ትናንት ግን ታላቋ ስለ አንድ ነገር ስትጠይቃት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት «ረሳሁት» አለቻት። ደስ ይበልዎት፤ ይህቺኛዋ ታልፋለች።