የአቶ እሸቴ ኪዳኔ ትክክለኛ ዕድሜ

አቶ እሸቴ ኪዳኔ ከአባታቸው ከአቶ ኪዳኔ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቂቱ ደግፌ በአርሲ፣ ሁሩታ ከተማ ግንቦት 12 ቀን 1932 ዓ.ም. ተወለዱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 20 ቀን 1940 ማለት ነው። ሁለቱንም የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። ያልታደሰው መታወቂያቸው ላይ ሌላ ዓመት አለ፤ የቀብር አስፈጻሚዎቹም ከእሱ ቀድተው ስህተቱን አትመውት ነበር። እባካችሁ ይህኛውን ያዙ። ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ልጃቸው ሙሉ ነኝ፤ ለምን እንደምነዘንዝ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

አባታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁጭ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሁሩታ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአሰላ ተከታትለው፣ አዲስ አበባ የመምህርነት ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በ1954 ዓ.ም. ናዝሬት ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኑ። ሠላሳ ዓመት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተማሪ ሲያሯሩጡ ኖሩ። በ1962 ዓ.ም. ከእናታችን ከወ/ሮ አመለወርቅ ንዋይ ጋር ተጋብተው እኔንና ወንድሜን ናሆምን ወለዱ። እናታችን እስከ ዛሬ እንደሚያሟቸው ከሆነ፣ የሠርጉ ዕለት እንኳ ሚዜዎቻቸውን ኋላ ጥለው ነው የደረሱት።

በ1984 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ቤተሰባችን ናይሮቢ ገባ። እዚያ የስደተኛውን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከቤቱ እንግሊዝኛ የምችለውም እኔ ነበርሁ። የእናቴን፣ የናሆምንና የራሴን የልደት ዓመት ስምንት ስምንት እየደመርሁ ወደ ፈረንጅ ለወጥሁ። የአባባ ላይ ስደርስ ጸሐፊው ቶሎ በይ አለኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ተንጫጫ፣ እኔም 1932 ብዬ እንዳለ ጻፍሁትና ወረቀቱን ሰጠሁ። በዚያች ደቂቃ አባቴን በስምንት ዓመት አስረጀኋቸው።

ስህተቱን ያየነው የአሜሪካ ቪዛው ሲመጣ ነው። ይስተካከል ብል አባባ፣ ዋሽታችኋል ብለው ሁላችንንም ያስቀሩናል፣ ተይው አሉ። ፈርተን ዝም አልን። ዜግነት እስክናገኝ ዝም አልን፤ ካገኘን በኋላ ደግሞ ዝም ማለቱን ለመድነው።

በ1985 ዓ.ም. ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ገባን። አባባ ሆፕኪንስ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሥራ ያዙ፤ ብዙ ጊዜ ደብል ሺፍት ነበር። ሽማግሌዎቹን ከአልጋ ያነሣሉ፣ ያጥባሉ፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እጅ ወደ ላይ እያሉ ስፖርት ያሠሯቸዋል። አንድ ነገር ግን ይከነክናቸው ነበር። ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላው ነጭ በእግሩ ቆሞ ይሄዳል፤ እሱን የሚያነሡት ጥቁር ሴቶች ሃምሳ ሳይሞላቸው ወገባቸውን ይዘው የግፊት ክኒን ይውጣሉ። የሥራ ጓደኛቸው አቶ ዱጋሳ፣ የቆዳ ነገር ይሆን እንዴ ቢሏቸው፣ "ቆዳ ጎብጦ አያውቅም፤ የሚጎብጠው ተሸካሚው ነው" አሉ።

በፈረንጅ 2002 ነጭና ጥቁር እንዴት እንደሚያረጅ የሚያወዳድሩ አጥኚዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። ደም ይቀዳሉ፣ ሽንት ይወስዳሉ፣ የእጅ ጉልበት ይለካሉ፣ በኮሪደር ያስኬዳሉ። አባባ ሰዓት የያዘችውን ልጅ ኋላ ጥለዋት ሄዱ። ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ሁሉም ተደምሮ ሰውነታቸው የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ወረቀታቸው ደግሞ ሰባ ይላል። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። የጥናቱ ኃላፊ እጃቸውን ጨብጣ፣ ጥቁር ተሳታፊዎች በብዛት ከዕድሜያቸው ቀድመው አርጅተው እንደሚገኙ፣ እርሳቸው ግን የተለዩ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ደብዳቤው ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነበብ ነበር።

በእውነቱ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። አባቴ የተለዩ አልነበሩም፤ እንደ ሌሎቹ ቀድመው እያረጁ ነበር። ወተት ላወጣ ፍሪጁን በከፈትሁ ቁጥር ቁጥሩን አየዋለሁ፤ መቀነስ የማልችል ይመስል ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ ግፊታቸው ከፍ ሲል ለዕድሜዎ ጥሩ ነው፣ ኩላሊታቸው ሲደክም ለዕድሜዎ የሚጠበቅ ነው እየተባለ አራት ዓመት አለፈ። በፈረንጅ 2006 መጨረሻ እግራቸው አበጠና ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ጀመሩ። ቁጭ ማለት የማያውቁት ሰው በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ታስረው ተቀመጡ። ብርድ ልብሱ ሥር እግራቸው ይራመድ ነበር። የሰባ አራት ዓመት ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ አንመዘግብም ሲባል ግን አላስቻለኝም፤ ሐኪሙ ፊት፣ ስድሳ ስድስት ናቸው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልሁ። ሐኪሙ የድሮ ውጤቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ገለጠ። ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት ዕድሜያቸውን ነበር።

ማስረጃ አምጡ ተባልን። የክርስትና ምስክር ወረቀታቸው ከሁሩታ እስኪመጣ፣ እስኪተረጎም፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ከዓመት በላይ ፈጀ። የእኔ ኩላሊት አልገጠመም፤ ናሆም ስኳር አለበት። በፈረንጅ 2008 ኤፕሪል ዕድሜያቸው ተስተካክሎ ወረፋ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን አባባ፣ "ሙሉዬ፣ ያስረጀሽኝን መለስሽልኝ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እርሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ገና ነኝ።

አቶ እሸቴ ወረፋው ላይ ስድስት ወር ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 21 ቀን 2008፣ ልባቸው ደክሞ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ከማክሰኞ ጀምሮ ያልተለያችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብዙዎቻችሁ ልታጽናኑን፣ ዕድሜ ጠግበው ነው፣ ሰባ ስድስት ቀላል አይደለም ብላችሁናል። ትናንት አቶ ዱጋሳ ወደ ጓዳ ጠርተውኝ፣ የእኔም ወረቀት ትክክል አይደለም አሉኝ። ሌሎቻችሁም እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ለሐኪማችሁ እውነቱን ንገሩ።

አባታችን ስድሳ ስምንት ዓመት ከአምስት ወራቸው ነበር። አልጠገቡም። የተወለዱበትን ቀን ፎርም ሳያስሞላ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰፊው መንገድ ያራምድልን፤ እኛንም ሳይረፍድብን እውነት ያናግረን። አሜን።