በውሰት አልጋ አንደኛ ደረጃ ስለተባለው ቤቴ

ቡሬ፣ ሰኔ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለክቡር የቡሬ ከተማ የቀረጥና የንግድ ቤቶች ሹም፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምቱ ገብቷልና ደረትዎን ከብርድ፣ ጫማዎን ከቡሬ ጭቃ፣ እንቅልፍዎንም እንደኔ ካለ ሰው አቤቱታ እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኔ ከገበያው በታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ የነጋዴ ማደሪያ ቤት ያለኝ ቢሆነኝ እጅጉ ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን እርስዎን አልረሳሁም፤ በግንቦት ወር ቤቴ ድረስ መጥተው አክብረውኛል፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ያከበረኝ ሰው የለምና።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ የምለጥፈው ለድፍረት አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ ቦሎ የሚሉት የቀረጥ ቴምብር ያልተለጠፈበት ማመልከቻ አይቀበልም፤ ዋርካው ግን ገና ቀረጥ አልተጣለበትም። ደግሞም "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ይህ ክስ አይደለም። ምስጋና ነው። እንዳይምታታብኝ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። ቤቴን አንደኛ ደረጃ አልቤርጎ ብለው ስለ ሰየሙልኝ አመሰግናለሁ። ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። ከወለጋ ቡና ጭነው፣ ዓባይን ተሻግረው የሚመጡ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን ከጓሮ አስረው፣ እነርሱም ጭነታቸውን ተንተርሰው ያድሩበት ነበር። ቁንጫው ራሱ የቆየ ደንበኛ ነው። ይህ ቤት እንዴት አንደኛ ደረጃ ሊሆን እንደቻለ ምናልባት እርስዎም ይገርምዎት ይሆናል፤ እንዲህ ነው።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት በነበረው ቀን አስተርጓሚዎ ሃይለ ሚካኤል ብቅ ብሎ "ነገ ትልቅ ሰው ቤትህን ሊያይ ይመጣል" አለኝ። በእኛ አገር፣ ክቡር ሆይ፣ ሰው ቤት ሊያይ የሚመጣው ልጅ ለማጨት ሲያስብ ነው። ባለቤቴ አቻምየለሽ "የደረሰች ልጅ የለችን፣ ምናችንን ሊያዩ ነው?" ብላ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ለትልቅ እንግዳ ባዶ ቤት ማሳየት ነውር ነው፤ ነውሩም የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ ይዋሱታል። ያለው ሁሉ ያውሳል። ገላነሽ ለልጇ ሠርግ ያስቀመጠችውን ቡልኮ ሰጠች። መሪጌታ ገብረ ሕይወት ምንጣፋቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው፣ አይጥ የበላውን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙረው አነጠፉት። ጎረቤቴ ክንዱ ሙጬ ደግሞ ከጠፍር አልጋው ላይ ተነሣ። ተነሣ ያልኩት ታሞ ተኝቶበት ስለነበር ነው። ደረቱን ያመዋል። "እንግዳህ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ከሚቀር፣ እኔ አንድ ቀን ቁርበት ላይ ብተኛ አልሞትም" አለ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። መልሼ አነሣሁት።

እርስዎም መጡ። አልጋውን በበትርዎ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት፤ ምንጣፉን ረገጡ፤ ቡልኮውን ዳሰሱ፤ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ጸሐፊዎም ጻፈ። እኛ ደስ አለን። አቻምየለሽ በጓሮ በኩል ወጥታ ለሴቶቹ "ወደዱት! ወደዱት!" ስትል ሰማኋት። እልል አሉ። ግብር ሲጣልበት እልል ያለ ሰፈር በዓለም ላይ ከእኛ ሌላ ይኖር ይሆን? አላውቅም። ስለዚህ ነገር አብዝቼ አስባለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ደንብዎ አመሰግናለሁ። አንደኛ ደረጃ በተባለ ቤት ነጭ እንጂ ሌላ እንዳያድር ደንቡ ያዛል፤ ያው ደንብ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ በአገሬው ሰው ቤት እንዳያድር ይከለክላል። ሃይለ ሚካኤልን ደጋግሜ አስተረጐምኩት። በመጨረሻ "አያ ቢሆነኝ፣ እኔ የተቀጠርኩት ልተረጉም ነው እንጂ ሊገባኝ አይደለም" አለኝ። ስለዚህ ከእኔና ከአቻምየለሽ በቀር በቤቴ ማንም እንዳያድር ሆነ። ከሽንዲ የሚመጡት የእህል ነጋዴዎች ደጄ ላይ ቆም ይሉና "ዛሬም ለፈረንጅ ብቻ ነው?" ብለው ስቀው ያልፋሉ። በታዘዝኩት መሠረት የቤቱን ግንባር ኖራ ቀብቻለሁ፤ በቋንቋዎ የተጻፈ፣ ማንበብ የማልችለውን ጽሑፍም ከበሩ በላይ ሰቅያለሁ። ነጭ፣ ባዶ ቤት። ውስጡ ስራመድ የእግሬ ድምፅ ይመለስልኛል፤ ሰው የተከተለኝ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

ግብሩ ግን እንግዳ እንደ ሞላበት ቤት ነው። ጠገራ ብር አይቀበሉም፤ ሊሬ ይላሉ። ሊሬ ያለው ነጩ ነው፤ ነጩ ደግሞ ከላይ እንደተናገርኩት ነው።

ሦስተኛ። ስለ መያዣው። ጸሐፊዎ በዚያው ቀን በየዕቃው ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ከቤት የወጣ እንደሆነ ቅጣት አለው ስላለ፣ ለአንድ ቀን የተዋስነው ሳይመለስ ሰነበተ። ግብሩን ሳልከፍል ስቀር ወታደሮችዎ መጥተው ሁሉንም ጫኑት። ቡልኮው የት እንደገባ አላውቅም። ምንጣፉን ግን በመሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ የጭቃ መጥረጊያ ሆኖ አየሁት። መሪጌታም አዩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ መሄድ ተዉ።

መሥሪያ ቤትዎ ገብቼ ዕቃው የውሰት ነው ብዬ ለማስረዳት ስሞክር የውሰቱን ወረቀት እንዳመጣ ተጠየቅሁ። ክቡር ሆይ፣ በውሰት ላይ ወረቀት ማጻፍ ጎረቤትን ሌባ ነህ እንደማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በቡሬ ተጽፎ አያውቅም። እንግዲያው ክንዱ ይቅረብና አልጋው የእኔ ነው ይበል አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ጸሐፊዎ ጨመረበት፤ አልጋውን ለማደሪያ ቤት የሰጠ ሰው አልጋ አከራይ ነጋዴ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ በመነገዱ ግብሩን ከነቅጣቱ ይከፍላል አለ። መልሼ ተቀመጥኩ። ዝምታዬም "አልጋው የተጠሪው የቢሆነኝ ነው" ተብሎ ተጻፈ።

አራተኛ።

አራተኛ የለኝም። ያለኝ ክንዱ ነው። የእሱንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ወለሉ እርጥበት ያወጣል፤ ቁርበቱም ከሥሩ ይርሳል። ሳሉ ይሰማኛል። ይቆማል። ሲቆም ከሳሉ የበለጠ ያስፈራኛል፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እስኪቀጥል እጠብቃለሁ። ሲቀጥል አመሰግናለሁ። የሰው ሳል ለምኖ የሚያመሰግን ሰው ሆኛለሁ።

የራስህን አልጋ ለምን አትሰጠውም ይሉኝ ይሆናል። እኔ የምተኛው መደብ ላይ ነው፤ ከግድግዳው ጋር በጭቃ የተሠራ ነውና ተነቅሎ አይወጣም። እኔ ዘንድ መጥቶ እንዳይተኛ ደንብዎ አለ። ሌላ ሰውስ? በሰፈሩ ጥቂት ጠፍር አልጋ አይጠፋም፤ ግን ከእንግዲህ ዕቃውን ከቤቱ አውጥቶ የሚሰጥ የለም፤ ቀይ ቀለሙን ይፈራል። ባለፈው አቻምየለሽ ወንፊት ልትዋስ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ወንፊት፣ ክቡር ሆይ። እርስዎ ከቤቴ የወሰዱት ዕቃ ብቻ ነው ብለው ያስቡ ይሆናል።

ገላነሽ አትምረኝም። በገበያ መካከል "የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም ወይ፣ አንተ አንደኛ ደረጃ?" ትለኛለች፤ ሰዉም ይስቃል፤ ስሜ ይኸው ሆኗል። እሷስ ትስደበኝ። የክንዱ ሚስት ንግሥቴ ግን በደጄ ስታልፍ እንደ ድሮው እንዴት አደርክ ትለኛለች። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። ልጠይቀው የገባሁ ዕለት ክንዱ ራሱ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ "እንግዳህን አልጋዬ ተመቸው ወይ?" አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። ሳቅሁለት። ከቤቱ ወጥቼ ግን

ይህን አልጨርሰውም።

ነገ ጧት ቤቱ ለዕዳው እንደሚወረስና እርስዎ ራስዎ እንደሚገቡበት ሰምቻለሁ። አልከራከርም። ግድግዳውን፣ ኖራውን፣ ጓሮውን፣ በአባቴ እጅ የተጠረበውን በር ይውሰዱ፤ እኔና አቻምየለሽ ቡሬ አጠገብ ካለ ዘመድ እንጠጋለን። አልጋውን ብቻ ይመልሱ። ለእኔ አይደለም፤ በስሜ አይጻፍ፤ ምሕረት ተደረገ ተብሎም አይታወጅ። ወታደሮችዎ በንግሥቴ ደጃፍ ሲያልፉ ረስተውት የሄዱ መስለው ያስቀምጡት። ሕግዎ መርሳትን የሚከለክል አንቀጽ ያለው አይመስለኝም። ካለም፣ ቅጣቱ በእኔ ላይ ይጻፍ፤ የምሰጠው ባይኖረኝም መጻፉን ለምጃለሁ።

ሰፈራችንን ከውሰት፣ እኔን ከቤቴ፣ ቤቴን ከእንግዳ ስላሳረፉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሹመት ላይ ሹመት፣ በቀለም ላይ ቀለም ይጨምርልዎ።

እስከ ነገ ጧት የአንደኛ ደረጃ ቤት ጌታ፣ ከዚያም በኋላ የክቡርነትዎ ደረጃ የሌለው ታዛዥ፣

ቢሆነኝ እጅጉ

ማስታወሻ፦ ነገ የሚገቡበት ቤት ጎረቤት እንዳለው መዝገብዎ ስላልጻፈ ላሳውቅዎ። ግድግዳ ለግድግዳ፣ በስተ ቀኝ፣ ክንዱ የሚባል የታመመ ሰው አለ፤ ከነገ ጀምሮ የቅርብ ጎረቤቱ እርስዎ ነዎት። በአገራችን ልማድ በሽተኛ መኝታ ሲያጣ መጀመሪያ የሚልከው ወደ ቅርብ ጎረቤቱ ነው፤ ስለዚህ ሚስቱ ንግሥቴ ነገ ከደጅዎ ቆማ አልጋ አውሱኝ ትልዎታለች። ወረቀት እንዳይጠይቋት እለምናለሁ። ደግሞም አይስጉ፤ እኛ የተዋስነውን እንመልሳለን።