የአባባ መጫኛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እንጨት ሆነዋል። ሁለቱንም የቆዳ መጫኛ ከጓዳው አወረድኳቸው፤ ልፈታቸው ብል እጄን ላጡኝ እንጂ አልፈታ አሉ። አባባ ከሞተ ወዲህ የነካቸው የለም። እሱ ማጂ ድረስ በቅሎ ሲጭንባቸው እንደ ጨርቅ ነበር የሚጠቀለሉት።

ሰኞ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ስም ይነበባል። የታምራት ስም እንዳለበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ ገና ልጅ ነው፤ ባለፈው ዙር ከሰፈራችን ከሄዱት አንድም የተመለሰ የለም። የአባባ የንግድ ጓደኛ ሐጂ ኑሩ እሑድ ጠዋት ጨው ጭነው ወደ ማጂ ይነሳሉ። ታምራትን እወስደዋለሁ ብለዋል፣ ግን እንዲሁ አይደለም። "ባዶ እጁን የሚሄድ ጎረምሳ ኬላ ላይ ይታፈሳል። የተጫነ በቅሎ የሚነዳ ግን የኔ ሰው ነው" አሉኝ።

በቅሎዋ አለችን። ጨውም አበደሩን። ጭነቱ የሚታሰርበት ነው የጠፋው። ገበያ ወጥቼ መጫኛ ብገዛ ደግሞ ሳይመሽ "እነሱ ቤት ሊጓዙ ነው" ይባላል። ይቺን ከተማ አውቃታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አደሩ። ጠዋት ትንሽ ለዘብ ብለዋል። ጉሎ ቆልቼ ወቀጥኩና ቅባቱን እያሸሁ ከምሰሶው ጋር ጠምጥመን ሳብናቸው፣ ታምራት ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። አባባ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግመው ግን ልብ ብዬ አላየሁም። ክንዴ ዝሏል።

እማዬ ገብታ ወጣች። ሴት ልጅ ቆዳ ስታሽ ጎረቤት ያያል ብላ አፍራለች። ታምራትም ሳቀብኝ። "በዚህ እጅሽ ማን ያገባሻል?" አለኝ። "አንተ ኑርልኝ እንጂ እኔ ቆሜ ልቅር" አልኩት። እንደገና ሳብን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እኔን ብሎ ባለሙያ! ዝናቡ አላቆም ስላለ ትናንት ማታ አንዱን መጫኛ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ሰቀልኩት። እርጥብ ቡና ሲያስቸግረን የምናደርገው ይሄንኑ አይደል? ቡናውን ያደረቀ እሳት ቆዳውን ጨረሰው። ስነሳ ተኮማትሮ፣ አጥሮ፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተስፋችን በቀረው አንዱ ብቻ ነው እንግዲህ።

የቀረውን በረንዳው ላይ ከምሰሶ ምሰሶ ወጥሬ ሳሽ ጋሽ ደምሴ መጡ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከአብዮቱ በፊት የአባባን በቅሎዎች ይነዱ ነበር፤ ዛሬ ስም የሚያስጠሩት እሳቸው ናቸው። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ለምንድነው?" አሉኝ።

"ለመሸጥ ነዋ" አልኩ፣ ማሸቴን ሳላቆም።

"እንግዲያው ለሌላ እንዳትሰጪ። የገበሬ ማኅበሩ ቡና የሚጭንበት መጫኛ አጥቷል። ቅዳሜ እወስደዋለሁ።"

እምቢ ብል "ምን ሊያደርጉበት ነው?" ይባላል። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ የተቃጠለውን እሰጣቸዋለሁ። እስኪያብረቀርቅ ቅባት አጠጣሁት፤ ስንጥቁን በጉሎ ሞላሁት። ላየው ሰው ያምራል። ጭነት ሲያርፍበት ግን ይበጠሳል። ደህናውን ደግሞ አመድና ጭቃ ለቅልቄ ከማገዶው ሥር ከተትኩት።

እማዬ "ቢያውቁብሽስ?" አለችኝ። ካወቁብኝ ታምራት ብቻ ሳይሆን እኔም አለቀልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

መጡ። ያብረቀረቀውን አቀበልኳቸው። ጫፉን አጠፍ አደረጉት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "ይሁን" ብለው ትከሻቸው ላይ ጣሉትና ሄዱ።

የሸወድኳቸው መሰለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። ሌላኛውን ከማገዶው ሥር አውጥቼ ጭቃውን ስጠርግ ዋልኩ። ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሄደ። ጨውን ራሱ ጫነ። ጉልበቱን በጭነቱ ላይ አስደግፎ ሲያጠብቅ አባባን መሰለኝ። መጫኛው እሺ አለው፤ ታጠፈ፣ ተቋጠረ፣ ያዘ። የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ከሩቅ ስለሚያየን አልተቃቀፍንም። "ደህና ዋሉ" ብሎን እንደ ማንኛውም የነጋዴ ሰው በቅሎዋን ነዳ። እማዬ ቤት ገብታ በር ዘጋች፤ እራትም አልበላች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ቡና ስለቅም ጋሽ ደምሴ ጓሮ ድረስ መጡ። መጫኛው ሁለት ቦታ ተበጥሷል። እግሬ ሥር ጣሉት።

"እሳት አስነክተሽዋል" አሉኝ። "ገና ሳሸተው አውቄዋለሁ።"

መሬት መሬት አየሁ።

"ደህናውን የሰጠሽውን ልጅ በእርጥቡ አጥብቀህ አትሰር ብለሽዋል? ሲደርቅ ይሸመቅቃል። የበቅሎዋን ጎን ይልጠዋል።"

"አልነገርኩትም" አልኩ። መሄዱን እንዳመንኩላቸው የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ሆነ። ስሙን ያነበበው ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ነው። የታምራት ስም ሲጠራ የሚመልስ ጠፋ። ካድሬው ደግሞ ጠራ። ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ "እሱን በማኅበሩ ጭነት ልኬዋለሁ። ኃላፊነቱ የኔ ነው፤ ቀጥል" አሉ።

ካድሬው አንድ ነገር ጻፈና ቀጠለ።

ስንወጣ ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ላመሰግናቸው ብል ሰው አለ፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ያንን የተቃጠለ ነገር እንዴት ደፍሬ አቀበልኳቸው? አፍሬያለሁ። የአውራጃ ሰዎች ጭነቱ መቼ ይመለሳል ብለው የጠየቋቸው ቀን ምን እንደሚመልሱ አላውቅም። ታምራትም ኬላውን ይለፍ አይለፍ ገና ወሬ የለም። እማዬ ግን ዛሬ እራት በላች።