ነፋስንና ክንፍን ሲያስታርቁ የኖሩት የእትዬ ምናልባት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በመጋቢት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ሁለት ክፍል ነበረች፤ በአንደኛው አባታችን ይሰፋሉ፣ በሌላኛው ሁላችንም እንኖራለን። ከጣሪያዋ ቆርቆሮዎች የአንዱ ምስማር ላልቶ ስለነበር ነፋስ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ በማንኛውም ነፋስ አይደለም። ቀስ ላለው ዝም ይላል፣ ለብርቱውም ዝም ይላል፤ መካከለኛው ሲመጣ ግን ቤቱን ቀውጢ ያደርገዋል። አባታችን ወጥተው ድንጋይ ጫኑበት፤ ባሰበት። ድንጋዩን ወደ ጫፍ ገፋ ቢያደርጉት ጸጥ አለ። እኛ ተመስገን ብለን ስንቀመጥ እህታችን ብቻ "እዚህ ሲሆን ለምን ባሰበት? እዚያ ሲሆን ለምን ተወው?" እያሉ አባታችንን መውጫ መግቢያ አሳጧቸው። አባታችንም በመጨረሻ "ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሱሪ ማሳጠር ነው" አሏቸው። እህታችን የዚያችን ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ኖሩ ማለት ይቻላል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። በስፌት ግን እንኳን አባታቸውን ሊተኩ አንዲት ቁልፍ መትከል እንኳ አልሆነላቸውም። በ1969 ዓ.ም. በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀው፣ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠሩ። የተመደቡት በነፋስ መሞከሪያው ዋሻ ነው። ዋሻ ይበሉት እንጂ ትልቅ ቱቦ ነው፤ በአንድ በኩል ማራገቢያ ይነፋል፣ መሃሉ ላይ በመስታወት የሚታይ ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል ይቆማል። ነፋሱ ክንፉን ያወዛውዘዋል፣ የተወዛወዘው ክንፍ ደግሞ መልሶ ነፋሱን ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ከተመሳጠሩ ጉድ ፈላ፣ ክንፉ ይገነጠላል። ያ መቼ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ የእህታችን ሥራ ነበር።

ከባልደረቦቻቸው የሚለዩት በአንዲት ቃል ነው። "በዚህ ፍጥነት ይጸናል ወይ?" ሲባል ሌላው አዎ ወይም አይ በሚልበት ቦታ እሳቸው "ምናልባት" ይሉ ነበር። ለማምለጥ አልነበረም። ብሎን ሁሉ እኩል አይጠብቅም፣ ቀለም ሁሉ እኩል አይከብድም፣ ማጠፊያ ሲያረጅ ይላላል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ይኼ አንዱ ክንፍ ሳይሆን ከፋብሪካው የሚወጣው ክንፍ ሁሉ፣ አርጅቶም ተጠግኖም፣ ይጸና እንደሆነ ነው ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ቆሞ የሚሰማቸው ሰው ስለማይገኝ በአንዲት ቃል ያሳጥሩታል። ፋብሪካው እትዬ ምናልባት የሚል ስም አወጣላቸው፤ እኛም ቤተሰቦቻቸው ወረስነው። በመጨረሻ ጎረቤቱም በዚያው ይጠራቸው ነበር።

ለዋሻው ሞዴል የሚሠሩት የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ባለሙያ፣ አሁን ከፊት ወንበር አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡት ባለቤታቸው ናቸው። በ1973 ዓ.ም. ተጋቡ። በጋብቻ ምዝገባው ቢሮ ሹሙ "እኚህን ሰው እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ በባልነት ይቀበላሉ?" ብለው ሲጠይቁ፣ እህታችን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ "ምናልባት" አሉ። ምላሳቸው ለምዶ ነው! ሹሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እናታችን በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው "አዎ፣ አዎ!" አሉ፤ ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ባለቤታቸው ግን "ያ አዎ የአማቴ ክርን ነው እንጂ የሚስቴ አይደለም" እያሉ ሲተርቡ ኖሩ። የሚናገሩት እየሳቁ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ግን ከሳቁ ሥር ያለውን ታይ ነበር፤ ሰውየው የራሳቸው የሆነ አንድ አዎ ይጠብቁ ነበር። ከጋብቻቸውም አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በ1979 ዓ.ም. ፋብሪካው ለአዲሱ አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራ ቀን ቆረጠ። የዋሻው ሙከራ አልፏል፤ ከእህታችን በቀር የሚመለከታቸው ሁሉ ፈርመዋል። የክፍሉ ኃላፊ "ሞዴሉ እኮ ንቅንቅ አላለም!" ቢሏቸው፣ "ሞዴሉን የሠራው ባሌ ነዋ፤ የባሌ እጅ በፋብሪካው ሁሉ የለም" ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው። ባለቤታቸው የሠሩት፣ የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍል የሚይዘው ማጠፊያ፣ ፀጉር አያስገባም ነበር፤ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ያለው ግን ከዓመታት በኋላ መላላቱ አይቀርም። ስለዚህ እህታችን ቤት ገብተው ባለቤታቸውን፣ ሆን ብለው ያላሉት ማጠፊያ ያለበት ሞዴል እንዲሠሩላቸው ለመኗቸው።

የእጅ ባለሙያ ያገባ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። "አበላሽተህ ሥራልኝ" ማለት ነው። የሰውየው ፊት ቅጭም አለ። "እጄን ይቁረጠው! በስተርጅና ስሜን ላጠፋ ነው?" ብለው አኮረፉ፤ ያኔ እንኳን እርጅና ሽበትም አልነበራቸው። በዚያ ቤት ጨው አቀብይኝ ማለት እንኳ በልጅቷ በኩል ሆነ። እህታችንም ዋዛ አልነበሩም፤ "ሳይቃጠል በቅጠል" እያሉ አልለቀቋቸውም። በመጨረሻ የረቷቸው አውሮፕላኑን ሊሞክሩ የተመደቡት አብራሪ ናቸው። ወደ ዎርክሾፑ መጥተው "ጋሼ፣ ሲላላ ምን እንደሚያመጣ እኔ እላይ ሆኜ ከማየው፣ እርስዎ እዚህ ሆነው ቢያዩልኝ አይሻልም?" አሏቸው። ባለቤታቸው ዞረው ቶርኖውን አስነሱ።

ሞዴሉ ዋሻው ውስጥ ሲገባ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ገና ብዙ ሲቀረው ጅራቱ መርገብገብ ጀመረ። አቁሙ ለማለት እንኳ ፋታ አልሰጠም፤ ተሰባብሮ መስታወቱን መታው። ኃላፊው ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ዓይነት ሰው አልነበሩምና፣ በረራው እንዲቆም በቆሙበት አዘዙ። እህታችን አልፈነደቁም። ስብርባሪውን በጋውናቸው ለቅመው ይዘው ወደ ዎርክሾፑ ሄዱና ባለቤታቸውን "ሥራህን ሰበርኩብህ፣ አይክፋህ" አሏቸው። በኋላ ከማጠፊያው ፊት ትንሽ ክብደት ሲታሰርበት ጅራቱ ሚዛኑን ያዘ፣ መርገብገቡም ቀረ። የአባታችን ድንጋይ መሆኑ ነው፤ ቁም ነገሩ ቦታውን ማግኘት ነው። ክብደቱን የሠሩት ባለቤታቸው ናቸው። አብራሪውም በሰላም በረሩ፣ በሰላም አረፉ፤ ዛሬ ሽበታቸውን ይዘው አስከሬኑን ከተሸከሙልን አንዱ ናቸው።

እህታችን ከዚያ በኋላ ብዙ ወጣት መሐንዲሶችን እያስተማሩ ሠርተው በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ጥቂት ቆይቶም ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሐኪሞች ፓርኪንሰን ነው አሉ። መንቀጥቀጥን ሲያባርሩ የኖሩ ሰው፣ መንቀጥቀጥ ቤታቸው ድረስ መጣባቸው። ይህን ማየት አንጀት ይበላ ነበር። መጀመሪያ ላይ እጃቸውን እያዩ "ይኼስ ነፋስም አላስፈለገው" ብለው ይቀልዱ ነበር፤ በኋላ ቀልዱም ቀረ። ሾርባው ከአፋቸው ሳይደርስ ይፈስባቸዋልና ሰው ፊት መብላት ተዉ። ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሰብስበው መሳቅ የሚወዱት እህታችን በራቸውን ዘግተው ይበሉ ጀመር።

ባለቤታቸው አቧራ የጠጣውን ቶርኗቸውን ገልጠው ማንኪያ ሊሠሩላቸው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ከበዳቸው፤ ሁለተኛው መንቀጥቀጡን አባሰው። እጀታው ውስጥ የከተቱትን ክብደት ወደ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ሾርባው ሳይፈስ ደረሰ። እህታችን ማንኪያውን አገላብጠው አዩና "ቦታውን ማን ነገረህ?" አሏቸው። "አባትሽ" አሉ ባለቤታቸው። በዚያ ሳምንት እሑድ እህታችን ከሁላችን ጋር ማዕድ ቀረቡ፤ ታናሽ እህታቸው ወደ ጓዳ ገብታ ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው።

ዘንድሮ ግን ሕመሙ ጸና፤ ማንኪያውን መያዝም ስላልቻሉ ባለቤታቸው በዚያችው ማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እያጎረሷቸው ሳለ እህታችን በቀጭን ድምፅ "አዎ" አሉ። ባለቤታቸው በቃኝ ያሉ መስሏቸው "አዎ ምን?" ብለው ጠየቋቸው። እህታችን ትንፋሻቸውን ሰብስበው "ለሹሙ" አሉ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። በክርን የጎሸማቸው ማንም አልነበረም። ባለቤታቸው ማንኪያውን አስቀምጠው እጃቸውን ያዙ፤ እስኪመሽም አልለቀቁም።

እህታችን በማግስቱ ጠዋት፣ ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው እንደምትለው እጃቸው በዚያ ሰዓት ጸጥ ብሎ ነበር። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ከእንግዲህ "አይ አንቺ!" ብሎ የሚገሥጻት ያጣችውን ታናሽ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ጽናቱን ይስጥልን። የእህታችንን ነፍስ ምንም ነፋስ በማያናውጠው ማረፊያ ያሳርፍልን። ይህ ሲነበብ ቢሰሙ ኖሮ "ምናልባት" ማለታቸው አይቀርም ነበር። እኛ ግን አሜን እንላለን።