አባዬ፣ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው አንተ አይደለህም

አባዬ፣

እንደምን አለህ ልልህ ስል አፌ ተያዘ፣ እዚያ ያለ ሰው እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ አላውቅም። እኔ ሚጣህ ነኝ። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ሊገባ ነው፣ ተዝካርህንም አውጥተናል፣ እማዬም ደህና ናት። የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ያላደረግከውን አድርገሃል ብለን ስምህን አጥፍተናል፣ እሱን እኔው ልንገርህ ብዬ ነው። ደግሞም ፈርቻለሁ፣ ስፈራ ለአንተ ካልነገርኩ አይወጣልኝም። ትምህርቴን ታውቀዋለህ፣ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ቤቱ ያው ነው። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገቡ፣ ግን ጤፋቸውን አሁንም ተሸክመው እዚሁ ላፍቶ ይመጣሉ፣ የዚያኛው ወፍጮ ያሻክረዋል ይላሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀንሷል፣ ያንተን ያህል የሚያስጮኸው የለም። መጀመሪያ ሰሞን ጸጥ ሲል እኔና እማዬ እንተያይ ነበር። ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ዝናብ መጣ ልብሱን አስገቡ የሚልም የለም። ትዝ ይልሃል አይደል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ አንተ ግን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰማሁ ትላለህ፣ ወጥተን እናያለን፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እማዬ የቤታችን የአየር ትንበያ ውሸታም ነው እያለች ስትስቅብህ አንተም ከእሷ ጋር ትስቃለህ።

ወፍጮ ቤት ያንተ ቦታ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ባለወፍጮው ጋሽ ከድር የአባቷን ሥራ እያየች ያደገች ናት ብለው ቦታህን ለሌላ ሰው አልሰጡም። መጀመሪያ ዱቄቱ ነበር ያስቸገረኝ፣ ድምፁን ቶሎ ለመድኩት። ለመድኩት ብዬ ነው እኮ ጉድ የሆንኩት።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ተመልሼ ቁጭ ባልኩበት ጆሮዬ ጭው አለ። እማዬ ሰው ስምሽን አንስቶ ነው አለችኝ፣ ቀኙ ከሆነ በደግ፣ ግራው ከሆነ በክፉ። ሁለቱም ነው አልኳት። ያልፋል ስል ዋለ፣ አደረ፣ ሰነበተ። ስነሳም ስተኛም ጭው። እንዲህ ቀኑን ሙሉ ስሜን የሚያነሳ ሥራ ፈት ደግሞ ማን ነው? በክብሪት እንጨት ቆፈርኩት፣ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቃ እማዬ ጠብ አደረገችልኝ፣ አቦ ጸበል ሄጄ ተጠመቅኩ። አልተወኝም።

እትዬ ወርቄ ናቸው እንግዲህ ነገሩን ያመጡት። ጤፋቸውን እየጠበቁ ሳለ ነገርኳቸው፣ ደረታቸውን መቱ፣ አባትሽ ናቸው እየጠሩሽ ያሉት፣ አብዝተው ይወዱሽ አልነበር አሉኝ። ማታውኑ እማዬ አስጠነቀቀችኝ፣ ሰው ሳይታይ ስም ከተጠራ አቤት እንዳትዪ፣ ሙት የጠራውን ይወስዳል አለች። ሦስቴ ካልተደገመ አቤት አይባልም ብለህ በልጅነቴ ያስተማርከኝ ደግሞ አንተው ነህ። ፈራሁና ለሰው ሁሉ አቤት ማለት ተውኩ። አስፈጪው ይጠራኛል፣ ዝም። ጋሽ ከድር ይጠሩኛል፣ ዝም። ልጅቷ ኮራች ተባለ። እኔ ኩራት የት አውቄ፣ ሦስት እስኪሞላ እየቆጠርኩ ነው።

እማዬ ደግሞ ምን አደረገች መሰለህ፣ መቃብርህ ድረስ ሄደች። በሕይወት ሳለህ ቀና ብላ ተቆጥታህ የማታውቀው ሴትዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ልጄን ተዋት፣ ገና ልጅ ናት፣ ብቸኝነት ከከበደህ እኔን ውሰደኝ አለችህ። ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እሷ ስታለቅስ የእኔ ጆሮ ይጮኻል። ሰምተኸን ከሆነ ይቅር በለን።

ጭራሽ እየባሰብኝ ሰው ሲያወራኝ ቃሉ ይቆራረጥብኝ ጀመር። አስፈጪዋ ሽሮ ስትለኝ ሽምብራ ብዬ መፍጨት ጀመርኩ። ጋሽ ከድር ይኼን አይተው ኩራትሽን ተዪና ታከሚ አሉኝ፣ ሄድኩ። ሐኪሟ በመብራት ጆሮዬን አየች፣ ኩክ አልሞላውም፣ ዘይቱንም ክብሪቱንም ሁለተኛ እንዳላይ አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ክፍል አስገብተው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝና ድምፅ ስትሰሚ ይቺን ተጫኚ ተባልኩ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ዝም ብዬ ተጫንኩ። ለካ ማሽኑ ምንም አላሰማኝም፣ የራሴን ጩኸት ነው የምጫነው። እንደገና አስጀመሩኝ። ሲያልቅ ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ የነርቭ ነው፣ ነርቩ ተነክቷል አለች።

አባዬ፣ እኛ ሰፈር ነርቩ ተነክቷል የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ብቻውን የሚያወራ፣ ልብሱን የሚጥል ሰው ነው። አበድኩ ማለት ነው ብዬ ወረቀቴን እንኳን ሳልቀበል ወጣሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰው ያውቅብኝ ይሆን እያልኩ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እማዬ ስትሰማ በሩን ዘጋች። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ማን ያገባሻል አለችኝ። በነጋታው ግን አላስቻላትም፣ እጄን ይዛ መልሳ ወሰደችኝና ልጄ አላበደችም ብላ ሐኪሟ ላይ ጮኸች።

ሐኪሟ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠችና አስቀመጠችን። ነርቭ ያልኳችሁ ድምፅን ከጆሮ ወደ ጭንቅላት የሚያደርስ ክር ነው፣ ከእብደት ጋር አይገናኝም አለች። ጆሮ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እንደ ሣር ያሉ ፀጉሮች አሉ፣ ሣር አንዴ ቢረገጥ ይነሳል፣ ዕለት ዕለት ከተረገጠ ግን መንገድ ይሆናል። ወሬ ሲቋረጥበት ጭንቅላት የራሱን ድምፅ ያሰማል፣ ጭው የሚለው እሱ ነው አለችን። እማዬ የሚረግጠውስ ምንድነው አለች። ሐኪሟ እኔን ትጠይቀኛለች እንጂ መልስ አትሰጥም። ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ታውቂያለሽ፣ ስኳር፣ ግፊት አለብሽ፣ የሳንባ መርፌ ተወግተሻል፣ የራስ ምታት ኪኒን ታበዣለሽ ትላለች፣ አንዳንዱ መድኃኒት ጆሮ ይጎዳል አሉ። የለም የለም እያልኩ መጣሁ። ድምፅ የሚበዛበት ቦታ ትውያለሽ ስትለኝ እማዬ ወፍጮ ቤት ናት አለች። ኢርፎንስ ስትለኝ እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ የታክሲውን ጩኸት እንዳልሰማ መዝሙር ከፍ አድርጌ እሰማ ነበር፣ እሳት ጠላሁ ብዬ ረመጥ ውስጥ መግባቴ ነው። ቤተሰብ ውስጥስ አለ ወይ ስትል ያንተን ዝናብ ነገርኳት። መጻፏን አቆመች። አባትሽ ስንት ዘመን ወፍጮ ቤት ሠሩ አለችኝ። ዕድሜ ልኩን አልኳት። እንግዲያው አባትሽ እውነታቸውን ነው፣ ዝናቡን ይሰሙት ነበር አለች። እማዬ እዚያው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

መድኃኒት ይኖረዋል ብዬ ነበር። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቂ ነው ያለችኝ። ስትጨነቂ፣ እንቅልፍ ስታጪ ይብስብሻል፣ ጸጥ ባለ ቤት ራዲዮ ቀስ አድርገሽ ክፈቺ አለችኝ። አንድ ጆሮ ብቻ ቢጮህ ወይ ቢያዞርሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ አለችኝ። ለሥራ ደግሞ ጆሮ መድፈኛ።

እሱ ላይ ነበር የተጨነቅኩት። ወፍጮ በጆሮ ነው የሚሠራው፣ እህሉ ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ያንን ካልሰማሁ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፣ የሰው ዱቄት ይበላሻል። ካልደፈንኩ እደነቁራለሁ፣ ከደፈንኩ ሥራዬን አጣለሁ፣ ያንተንም ቦታ። ደፍኜ ገባሁ። እህሉን በዓይኔ ልከታተል ብዬ የሚፈስበትን ሣጥን ስደገፍ እንጨቱ በመዳፌ ተርገበገበ፣ እህሉ ሲጎድል መርገብገቡ ተለወጠ። ወዲያው አንተ መጣህብኝ። አንተም ሁልጊዜ እጅህን እዚያው ሣጥን ላይ ትጭን ነበር፣ ደክሞህ የተደገፍክ ይመስለኝ ነበር። አባዬ፣ ለካ አትሰማም ነበር። ለካ በእጅህ ነበር የምትሰማው። ለማን ነገርክ?

አሁን እንዳንተ ነው የምሠራው። እንጨቱ እጅህ ያረፈበት ጋ ለስልሷል፣ የእኔም መዳፍ እዚያው ነው። ፍርሃቱ አልወጣልኝም፣ ግን አንተን አልፈራህም። ሲጠሩኝም በመጀመሪያው አቤት እላለሁ፣ ከሰማሁ።

እንዳልረሳህ ቃል መግባት አያስፈልገኝም፣ ጆሮዬ ራሱ አያስረሳኝም። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው፣ ዝናቡ በመጣብኝ ቁጥር ወጥቼ አይልሃለሁ። ትናንት ቆርቆሮው ላይ የወረደ መሰለኝና ወጣሁ፣ ፀሐይ ነው። ግን ልብሱን ከገመዱ ላይ መልቀም ጀመርኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አልሳቀችም። መጥታ ከወዲያኛው ጫፍ አብራኝ ለቀመች።

ሚጣህ